3,000 ሊንክ በ35,000 ብር ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የአስጎብኚ ድርጅት አለኝ። እንግዶቼ አብዛኞቹ ከጀርመን፣ ከጣሊያንና ከአሜሪካ ነው የሚመጡት። ድረ ገጽ ካሠራሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ግን “የጥምቀት ጉዞ ወደ ኢትዮጵያ” ብዬ በእንግሊዝኛ ጎግል ላይ ስፈልግ የእኔን የማገኘው አምስተኛ ስድስተኛ ገጽ ላይ ነው። እዚያ ድረስ የሚወርድ ቱሪስት ደግሞ የለም። ሰሞኑን አንድ ልጅ መጥቶ “3,000 ሊንክ፣ ማለት ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ ገጽህ የሚያመጣ ማገናኛ፣ በ35,000 ብር አስገባልሃለሁ፣ በአንድ ወር አንደኛ ገጽ ትገባለህ፣ ጋራንቲ አለው” አለኝ። ሌላው ደግሞ “ሊንኩን ተወው፣ 200 ጽሑፍ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሠርቼ ልጫንልህ” ይላል። የቱን ልመን?
(የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱንም አይመኑ። 35,000 ብሩን ያቆዩት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከጋራንቲው እንጀምር። ጎግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ላይ አንደኛ ደረጃን ማንም በዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ “ጋራንቲ” የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ንግግሩ እዚያው ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

ሊንክ ዋጋ አለው? አዎ፣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የሚባሉ ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘውት የመጡት ሐሳብ ቀላል ነበር። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲያደርግ እንደ ምስክርነት ይቆጠር አሉ። ብዙ የተመሰከረለት ገጽ የሚሰጠው ምስክርነት ደግሞ የበለጠ ይመዝን። ጎግል የተነሣው ከዚህ ነው። ወዲያውም ምስክርነት የሚሸጡ ሰዎች ተፈጠሩ።

ጎግል ከነዚህ ሰዎች ጋር ሲታገል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሆነውን ልንገርዎት። ጄሲ ፔኒ የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ የሱቆች ድርጅት በበዓል ሰሞን ለቀሚስም፣ ለአንሶላም፣ ለምንጣፍም ጎግል ላይ አንደኛ ይወጣ ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ ጉዳዩን ሲያስጠና ከዕቃዎቹ ጋር ምንም በማይገናኙ ድረ ገጾች ላይ የተዘሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሊንኮች ተገኙ። ኩባንያው “እኛ አላዘዝንም” አለ። ጎግል ግን እርምጃ ወሰደ። ለአንድ የጉዞ ሻንጣ ዓይነት አንደኛ የነበረው ገጽ በሁለት ሰዓት ውስጥ 71ኛ ሆነ። ያ በትልቅ በጀት የሚንቀሳቀስ ኩባንያ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በሚያዝያ ወር፣ “ፔንግዊን” የሚባለው ማሻሻያ ወጥቶ የተገዛ ሊንክን በጅምላ ማጥመድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ የዋናው ሥርዓት አካል ሆኖ ያለማቋረጥ ይሠራል።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ቅጣት እንኳ አይደለም። የገዙት ሊንክ ዝም ተብሎ ይታለፋል። ብሩም ሄደ፣ ደረጃውም እዚያው ቀረ። እንዲህ ዓይነት “ፓኬጅ” የገዛ የአንድ ሆቴል የሊንክ ዝርዝር ከፍቼ አይቻለሁ። የቁማር ገጾች፣ ባለቤት የሌላቸው የአስተያየት ሳጥኖች፣ ማንም የማያነባቸው የስም ማውጫዎች ናቸው። ጎንደር የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው የጻፈው አንድም የለበትም።

200ውን ጽሑፍም ተዉት። ጎግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ያወጣው ደንብ ደረጃ ለማግኘት ተብሎ በገፍ የሚመረትን ገጽ ይከለክላል። ሰውም ያምርተው ማሽን ለውጥ የለውም። ኤአይ መጠቀም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። “ላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሏት” የሚል ጽሑፍ ስንት ቦታ አለ? የእርስዎ 201ኛ ቢሆን ማን ይፈልገዋል? የብዙ አስጎብኚዎቻችንን ድረ ገጽ ስከፍት የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሁሉም በ“13 ወር ፀሐይ” ይጀምራል። ሁሉም ያንኑ የፋሲል ግንብ ፎቶ ለጥፏል። ይህን ሁሉ ዓመት እንግዳ ይዞ የዞረ ሰው የሚያውቀው ነገር ድረ ገጹ ላይ የለም።

እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ። እስቲ የጥምቀትን ገጽ አብረን እንሥራው።

ሙኒክ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “መቼ ነው?” ብሎ ነው። ብዙዎቹ ገጾች “ጃንዋሪ 19” ብለው ያልፋሉ። ያ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እኛ ጳጉሜን 6 ካደረግን በኋላ የሚመጣው ጥር 11 በእነሱ ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። የ2020 ዓ.ም. ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሰውየው “በዓሉ 19 ነው” ብሎ በዚያው ዕለት ጠዋት የሚያደርሰውን ትኬት ይቆርጣል። ከተራ አመለጠው ማለት ነው። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ሌሊቱን በድንኳን ሲታደር፣ ያን ሁሉ ሳያይ ነው የመጣው። በማግስቱ ከተመለሰ ደግሞ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ሲገባ አያይም። ይህን ነግሮት “ቢያንስ ከከተራ ዋዜማ እስከ ጥር 13 ያሉትን ቀናት ይያዙ” የሚል ገጽ ያገኘ ቱሪስት ያንን ገጽ ለሚስቱ ይልካል።

ከዚያ ይቀጥሉ። ጎንደር ፋሲል መዋኛ ጋ ለመቆም በስንት ሰዓት መድረስ ያስፈልጋል? የቱ ጋ ቢቆም ውኃው ሲባረክ ይታያል? ሴት እንግዳ ነጠላ ትያዝ? ጫማ የት ይወልቃል? ፎቶ ማንሣት ነውር የሚሆነው መቼ ነው? ማታ ምን ያህል ይበርዳል? መኪና የማይገባው የቱ መንገድ ነው? አዲስ አበባ ጃን ሜዳ የሚያድር ሰውና ጎንደር የሚሄድ ሰው የሚያዩት ልዩነት ምንድን ነው? ይህን ሹፌርዎና ጋይድዎ ያውቁታል። እንግዶች በዋትስአፕ የጠየቋችሁን ጥያቄዎች ብቻ ሰብስባችሁ ብትመልሱ ገጹ ይሞላል። ለጥቆማ ያህል፣ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፣ እሱንም በአንድ መስመር ያስገቡት።

አንድ ነገር አደራ። ገጹን በየዓመቱ ያድሱት እንጂ በየዓመቱ አዲስ ገጽ አይክፈቱ። አድራሻው ላይም ዓመተ ምሕረት አያስገቡ። ዘንድሮ ሊንክ ያደረገልዎ ሰው ለከርሞም እንዲቆጠርልዎ አድራሻው አንድ ሆኖ መቆየት አለበት። ደግሞ ለጥር የሚመጣ ሰው ከወራት በፊት ነው ሰርች የሚያደርገው፣ ስለዚህ ክረምቱ ላይ ዝግጁ ይሁን።

35,000 ብሩ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። የጎንደር ልጅ ለሆነው ጋይድዎ የሁለት ሦስት ቀን አበል ይክፈሉና ቁጭ ብሎ ይንገርዎ፣ እርስዎ ይቅረጹት። ለጥሩ ፎቶ አንሺ ይክፈሉ። ጀርመንኛውን አፍ በፈታበት ሰው ያሳርሙት።

እንዲህ ያለ ገጽ ካለዎት ሊንክ መጠየቅ አያሳፍርም። ማንን? በየዓመቱ እንግዳ የሚወስዱለት ደባርቅ ያለው ሎጅ ድረ ገጽ ካለው “አብረውን የሚሠሩ” የሚል ቦታ ይኖረዋል። ጀርመን ያለው ወኪልዎ አለ። አባል የሆኑበት ማኅበር የአባላት ዝርዝር አለ፣ ስምዎ ቢኖርበትም አድራሻው ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ይዩት። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ያሳዩአቸው፣ ወፍ የሚከታተሉ እንግዶች አሉ። ወፍ ተመልካቾች ከጉዞ ሲመለሱ ረጅም ዘገባ የመጻፍ ልማድ አላቸው፣ ጋይዳቸውንም በስም ያመሰግናሉ። ከእንግዶችዎ መካከል ስለ ጉዞው የጻፈ ካለ እንዲህ ብለው ይላኩለት፦

“ሰላም፣ ባለፈው ጥር ጎንደር አብረን ነበርን። ስለ ከተራ የጻፉትን አንብቤ ደስ ብሎኛል። የበዓሉ ቀን በየአራት ዓመቱ ለምን እንደሚዛወር የሚያስረዳ ገጽ አዘጋጅተናል። ለአንባቢዎችዎ የሚጠቅም ከመሰለዎ ይኸው።”

በቃ። “ሊንክ ካደረጉልኝ በሚቀጥለው ጉዞ 10 በመቶ እቀንሳለሁ” አይበሉ። ያም ግዢ ነው፣ በጎግል ደንብ ልዩነት የለውም። ለማስታወቂያ ከፍለው የሚወጣ ጽሑፍ ካለም ሊንኩ ላይ “ስፖንሰርድ” የሚለው ምልክት ይደረግበት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ምልክት ነው፣ የድረ ገጽ ባለሙያው ያውቀዋል።

የቤት ውስጡን ሥራ ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። ድረ ገጽዎን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱ ከላይ ትሩ (ታቡ) ላይ “ሆም” የሚል ብቻ ከተጻፈ ዛሬውኑ ያስቀይሩት፣ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርዕስ ይኑረው። ከካሜራ በቀጥታ የተጫኑ ከባድ ፎቶዎች ካሉ ይቀነሱ። ከመነሻው ገጽ ወደ ጥምቀቱ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ይኑር። ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጎግል መሣሪያ ያስከፍቱ፣ ነፃ ነው። ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እርስዎ ጋ እንደደረሱ ያሳይዎታል።

በአንድ ወር አይሆንም። ወራት ይፈጃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ለልጁ “አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም” ይበሉት።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። መገናኛ አካባቢ የፀጉር ቅባትና ዊግ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ደንበኛ አለኝ። ጎግል ላይ ግን ስሜ ጭራሽ የለም። ሊንክ ያስፈልገኛል?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ላንቺ መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ካርታው ላይ መውጣት ነው። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል በነፃ ይከፈታል። ማረጋገጫውን ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ስለሚጠይቁ የሱቁን በር፣ ታፔላውንና ውስጡን በስልክሽ ለመቅረጽ ተዘጋጂ። ነጥቡን በትክክል ሕንፃው ላይ አስቀምጪ፣ ፎቁንና የሱቅ ቁጥሩን ጻፊ። “ከታክሲ ማዞሪያው ፊት ለፊት፣ ባንኩ ያለበት ሕንፃ” የሚለውንም ጨምሪ፣ እኛ ሀገር ሰው የሚመጣው በዚያ ነው። ደንበኞችሽን አስተያየት እንዲጽፉ ጠይቂ። የውሸት አስተያየት ግን አትግዢ።

ድረ ገጽ ከከፈትሽ ደግሞ ዋጋና የዕቃ ስም ፎቶ ላይ ብቻ አትጻፊ፣ በጽሑፍም ይኑር። “ፀጉር” ብሎ የሚጽፍ አለ፣ “ጸጉር” የሚልም አለ። ርዕሱ ላይ አንዱን፣ ውስጡ ላይ ሌላውንም ተጠቀሚ። ከወር ሁለት ወር በኋላ ሰርች ኮንሶል የትኛው እንደሚበዛ ይነግርሻል። ቴሌግራም ላይ በየቀኑ የምትመልሻቸው ጥያቄዎች፣ “ከወሊድ በኋላ ለሚረግፍ ፀጉር ምን ይሻላል?” ዓይነቶቹ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ይወጣቸዋል። በአማርኛ በደንብ የመለሰላቸው ሰው ገና ጥቂት ነው፣ ቦታው ክፍት ነው። ሕክምና ነክ የሆነውን ግን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳታማክሪ አትጻፊ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ደንበኞቼ ሐበሾች ናቸው። ድረ ገጼ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ልጨምርበት?

መልስ፦ ይጨምሩ፣ ግን አንድ ገጽ ላይ አይቀላቅሉት። አማርኛው የራሱ ገጽ ይኑረው፣ ሁለቱ እርስ በርስ ይገናኙ። በማሽን የተተረጎመውን ሳያነቡ አይለጥፉ፣ የታክስ ጉዳይ ላይ የተሳሳተ ትርጉም ሰው ይጎዳል። እንግሊዝኛው ላይ ከትልልቆቹ ድርጅቶች ጋር ይወዳደራሉ። አማርኛው ላይ ግን “ኡበር እነዳለሁ፣ 1099 የሚባለው የገቢ ቅጽ መጣልኝ፣ የነዳጅ ደረሰኝ ልያዝ ወይስ ማይል ልመዝግብ?” የሚለውን የሚመልስ ገጽ ከታክስ ማስገቢያው ቀን፣ ከኤፕሪል 15 በፊት ቢያወጡ የሰፈሩ ነጂዎች ራሳቸው ይቀባበሉታል። የአካባቢው የማኅበረሰብ ማዕከልና ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ ካላቸው፣ በታክስ ሰሞን ነፃ የገለጻ ምሽት እንደሚሰጡ ይንገሯቸው። ፕሮግራሙን ሲለጥፉ የእርስዎንም አድራሻ አብረው ይለጥፋሉ።