ጠርዝ ያለውን ወርቅ ለማንም አታስሞርድ

ወንድሜ፣ ያገኘሁት ጥሬ ወርቅ ሦስት ማዕዘን ገጽና ሹል ጠርዝ አለው፣ የተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ፣ አቅልጬስ ልሽጠው ወይ ብለሃል። እባክህ እንዳታቀልጠው፣ ከቀለጠ ቅርጹ ይጠፋል!

1. ሞረድ አታስነካው። የኔን ወርቅ አንድ ገዢ "እስቲ ልየው" ብሎ ተቀበለኝና ገና አፌን ሳልከፍት ጠርዙን ሞረደው። ከዚያ ወርቅነቱን ሊፈትን አሲድ ጠብ አደረገበት። ስጮህበት "ምን ያስጮህሃል፣ እኔ የምገዛህ በግራም ነው" አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ወርቅ ሲመዝን የኖረ ሰው እኮ ነው! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። የወርቅ ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ (ሞስ) ከ2.5 እስከ 3 ቢሆን ነው፤ የተፋቀ ጠርዝ አይመለስም።

2. ከየት እንደመጣ እወቅ። ከመሬት በታች ትኩስ ውሃ ወርቁን ከድኝ ጋር አሟምቶ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል። ግፊቱ ወይም ሙቀቱ ሲወርድ ወርቁ ከውሃው ይለያል። አብዛኛው ኳርትዝ በሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ነጭ በሆነ ጠንካራ ማዕድን መሃል ተጨናንቆ ስለሚቀር ቅርጽ አይይዝም። ክፍት ቦታ ያገኘው ግን አተሞቹ በሥርዓት እየተደረደሩ ኩብ ወይም ስምንት ገጽ ያለው ክሪስታል ይሆናል። እሱም ቢሆን ወንዝ ከወሰደው ድንጋዩ እየቀጠቀጠ ያድቦለቡለዋል። ያንተ ጠርዝ እስካሁን ሹል ከሆነ ከምንጩ ብዙ አልራቀም፤ ካገኘህበት ከፍ ብለህ ኳርትዝ ያለበትን ዓለት ፈልግ።

ሰው ሠራሽ ነው ወይ ላልከው፣ እኔ ከሞረዱ የተረፈውን ገጽ በአጉሊ መነጽር አየሁት። አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ነበሩበት፣ እንደ ደረጃ። ክሪስታሉ ሲያድግ የሚተወው ምልክት ነው። ያንተ ላይ የአየር አረፋ ቀዳዳ ካየህ ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ እንዳይሆን ተጠራጠር። በኋላ አንድ የጂኦሎጂ ባለሙያ አይቶ የተፈጥሮ መሆኑን ሲያረጋግጥልኝ ደረቴን ነፍቼ ነው የወጣሁት።

ሙሉ በሙሉ አንድ ክሪስታል ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ከውጭ አንድ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ውስጡ የትንንሽ ክሪስታሎች ስብስብ ነው። 217.78 ግራም የሚመዝን የቬንዝዌላ ወርቅ በ2014 አሜሪካ ሎስ አላሞስ ላብራቶሪ ውስጥ በኒውትሮን (ጠጣር ነገር ውስጥ ዘልቆ በሚያልፍ የአተም ቅንጣት) ተመርምሮ ነው አንድ ክሪስታል መሆኑ የታወቀው። ሳይቆረጥ፣ ሳይሞረድ!

ኳርትዝ ከተጣበቀበት ደግሞ ራስህ በአሲድ ላጽዳ እንዳትል። ኳርትዝ የሚያሟሟው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሰው ይገድላል። ለብቻው በጥጥ ጠቅልለህ አስቀምጠውና ከጎን ብርሃን አብርተህ ያነሳኸውን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልን።