ሰኞ ኢንተርንሺፕ ለምትጀምሪው

ጥያቄ፦ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ነኝ። ሰኞ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክፍለ ከተማ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ኢንተርንሺፕ እጀምራለሁ። ከኔ በፊት የወጡ ልጆች «ኮፒ ከማድረግና ስልክ ከመጎርጎር ሌላ ምንም አልሠራንም» ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን ምን ባደርግ ይሻለኛል? የትራንስፖርትስ ይከፍላሉ?

መልስ፦ ልጆቹ አልዋሹሽም። ተለማማጅ ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቶት፣ ሳይጠየቅ ሳይጠይቅ ጊዜው የሚያልቅበት ቢሮ ብዙ ነው። ሠራተኞቹ ክፉ ሆነው አይደለም። አንቺን «የኔ ናት» የሚል ሰው ስለሌለ ነው። ዩኒቨርሲቲሽ ደብዳቤ የጻፈው ለጽሕፈት ቤቱ ነው። የሚያስተምርሽ ግን አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ሰኞ ከቢሮው ስትወጪ የዚያን ሰው ስምና ስልክ ይዘሽ ውጪ። ሌላው ሁሉ ማክሰኞም ይደርሳል።

ሰውየው ወይም ሴትየዋ የሚገኙት በደብዳቤው በኩል ነው። የድጋፍ ደብዳቤሽ ኃላፊው ጋ ሲቀርብ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ይመሩታል። «ለሰው ሀብት፣ አስፈላጊው ይደረግ» ብቻ ከተባለ የት እንደምትደርሺ በዕድል ነው፤ ወንበር የተረፈው ክፍል ይወስድሻል። ስለዚህ ከመመራቱ በፊት ተናገሪ። «ከተቻለ ክፍያና ሒሳብ ቡድን ብመደብ ደስ ይለኛል» ማለት ድፍረት አይደለም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆኑ (ሰኞ ጠዋት ነውና መሆናቸው አይቀርም) ይህንኑ ለጸሐፊዋ ንገሪያት። የማን ደብዳቤ መቼ እንደሚገባ የምታውቀው እሷ ናት፤ ሰላምታሽ ሞቅ ያለ ይሁን።

ደብዳቤው ከተመራ በኋላ «ሂጂና ነገ ተመለሺ» ቢሉሽ በትሕትና «መዝገብ ቤት ራሴ ላድርሰው?» በይ። ቁጥር ተሰጥቶት፣ ፋይል ተደርጎ፣ እስከ ቡድን መሪው ጠረጴዛ ድረስ ተከተይው። ኮፒውን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ሲተኛ አይቻለሁ።

ቡድን መሪው ጋ ስትደርሺ ዩኒቨርሲቲሽ የሰጠሽን የምዘና ቅጽ በመጀመሪያው ቀን አሳዪያቸው። አብዛኛው ተማሪ በመጨረሻው ሳምንት አውጥቶ «ይሙሉልኝ» ይላል። በምን በምን እንደሚመዝኑሽ ካሁኑ ካዩ ግን ሥራ ሲያከፋፍሉ ትዝ ትያቸዋለሽ። «ከሥርዎ ሆኖ የዕለት ዕለቱን የሚያሳየኝ ማን ይሁን?» ብለሽም ጠይቂ። እዚህ ላይ ነው ስሙ የሚመጣው።

አሁን ደግሞ ሥራ የለም እንበል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነው፣ አንቺ ቁጭ ብለሻል። ስልክሽን አታውጪ። ባለፈው ወር ተከፍሎ የተዘጋ አንድ የዕቃ ግዥ ሰነድ ለማየት ፈቃድ ጠይቂ። አንድ ብቻ ይበቃል። ከኋላ ወደ ፊት አንብቢው። ከሥር የክፍሉን የግዥ ጥያቄ ታገኛለሽ። ከዚያ ፕሮፎርማዎቹ (አቅራቢዎች የሰጡት ዋጋ)፣ ማን በስንት እንዳሸነፈ የሚያሳየው ማወዳደሪያ፣ የግዥ ትዕዛዙ፣ የአቅራቢው ደረሰኝ 15 በመቶ ቫት ተለይቶ፣ ንብረት ክፍል ዕቃውን ተረክቦ የቆረጠው የንብረት ገቢ ደረሰኝ (ሞዴል 19)፣ በመጨረሻም የክፍያ ማዘዣው። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ማን እንደፈረመ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። አዘጋጀ፣ አረጋገጠ፣ አጸደቀ የሚሉት ሦስት ፊርማዎች ለምን የተለያዩ ሰዎች እንደሆኑ ራስሽን ጠይቂ። ክፍል ውስጥ «ኢንተርናል ኮንትሮል» (የውስጥ ቁጥጥር) እየተባለ የሸመደድሽው ነገር እዚያ ወረቀት ላይ ተቀምጧል። ካልገባሽ ሁለት ጥያቄ ለይተሽ ያዢና ሰዎቹ እፎይ ሲሉ ጠይቂ። እንደዚህ ተዘጋጅቶ የሚጠይቅን ልጅ የሚገፋ ሠራተኛ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ቢያሳዩሽ ደግሞ እሰየው። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ጡረታ እንዴት እንደሚገባ በእጅሽ አስልተሽ አመሳክሪ። ነገር ግን የማንም ደመወዝ ከቢሮው አይወጣም። ፎቶ የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ ለጓደኛ «ገምቺ ስንት እንደሚከፈላት» የለም።

ኮፒ አድርጊ ቢሉሽ አታኩርፊ፤ እያነበብሽ ኮፒ አድርጊ። ሻይ እንድታመጪ አንዴ ቢልኩሽም ምንም አይደለም። የየቀኑ ሥራሽ ከሆነ ግን ለአማካሪ መምህርሽ ደውይ፣ እነሱ ያናግሩ።

በጣም የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው። ቢሮው ሲለምድሽ ማመን ይጀምራል። «ይቺን እዚህ ጋ ፈርሚልኝ»፣ «በኔ ፓስወርድ ገብተሽ ይሄን መዝግቢው»፣ «ገንዘቡን ያዢልኝ፣ መጣሁ» ይባላል፣ ያውም በቅንነት። ሦስቱንም እምቢ በይ። በፈገግታ «ተለማማጅ ስለሆንኩ አይፈቀድልኝም» በቂ ነው። ጉድለት ሲገኝ ኦዲተር የሚያየው ፊርማውን እንጂ ቅንነቱን አይደለም። ባለጉዳይም ሠራተኛ መስለሽው ሰነዱን ሊሰጥሽ፣ «ለሻይ» ብሎ ሊያስጨብጥሽ ይችላል። ትክክለኛውን መስኮት አሳዪው፣ ብሩን መልሺ።

ትንንሾቹን ልጨርስ። ሥራ የሚጀምረው 2:30 ነው፤ 2:15 በር ላይ ሁኚ፣ ፍተሻ ሰልፍ አለው። መታወቂያሽን አትርሺ። ላፕቶፕ ከያዝሽ ስትገቢ በር ላይ አስመዝግቢው፣ አለበለዚያ 11:30 ላይ ይዘሽ ለመውጣት ትቸገሪያለሽ። አርብ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ሰውን «እርስዎ» እያልሽ ጀምሪ፤ «አንቺ በይኝ» ሲሉሽ ትቀይሪያለሽ። አለባበስ ንጹሕና የማያስጨንቅሽ ይሁን፣ አዲስ ልብስ አትግዢ።

ስለ ትራንስፖርቱ፦ በመንግሥት ቢሮ ለተለማማጅ ክፍያ ይኖራል ብለሽ አታስቢ። ዲፓርትመንትሽ የሚሰጠው ነገር ካለ አርብ ሳይዘጋ ደውለሽ ጠይቂ። ካልሆነ የታክሲና የምሳሽን የወር ሒሳብ ካሁኑ ለቤተሰብ ንገሪያቸው፤ ወሩ አጋማሽ ላይ ከመጠየቅ ይሻላል።