የሸራ ጀልባዎን አልተርኔተር በትልቅ ከመተካትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ አሥር ሜትር ርዝመት ባላት የሸራ ጀልባዬ ውስጥ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 20 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር አለ። ከፋብሪካ አብሮት የመጣው አልተርኔተር፣ ማለትም ሞተሩ በቺንጋ እያዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዕቃ፣ 55 አምፒር ነው። ለፍሪጁ፣ ለመብራቱና ለአውቶፓይለቱ ኃይል የሚሰጡት ፈሳሽ ያላቸው የሊድ አሲድ ባትሪዎች በድምሩ 400 አምፒር ሰዓት ይይዛሉ። መልሕቅ ጥዬ ባደርኩ ቁጥር ጠዋት ሞተሩን ሁለት ሰዓት ያህል ባስነሣውም ባትሪዎቹ ሞልተው አያውቁም። ባለ 120 አምፒር አልተርኔተር ገዝቼ በአሮጌው ቦታ ባስረው ችግሬ ይፈታል? ሞተሩ ያለው አንድ ቺንጋ ብቻ ሲሆን ወርዱ 10 ሚሊሜትር ነው።

መልስ፦ የቺንጋውን ወርድ መጥቀስዎ በጣም ጠቅሞናል፤ የመልሱ ግማሽ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ባጭሩ፣ 120 አምፒሩን በዚያ ቺንጋ ላይ ቢያስሩት አይሠራልዎትም። ነገር ግን ስለ አዲሱ ከመነጋገራችን በፊት፣ አሁን ያለው 55 አምፒር የት እየቀረ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአልተርኔተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚገኘው ዕቃው ገና ሳይግል በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ነው። በጠባብ የሞተር ክፍል ውስጥ ሠርቶ ከጋለ በኋላ፣ በተለይ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የሚሠራ ከሆነ፣ ከ35 እስከ 40 አምፒር ብቻ ቢሰጥዎት የሚያስገርም አይደለም። በዚህ ላይ አብዛኞቹ የፋብሪካ አልተርኔተሮች በውስጣቸው ያለው ሬጉላተር (የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ) ቮልቴጁን የሚለካው እዚያው አልተርኔተሩ ላይ እንጂ ባትሪው ዘንድ ስላልሆነ፣ በመንገድ ላይ የሚባክነውን አይቶ ሊያካክስ አይችልም። ስለዚህ ምንም ከመግዛትዎ በፊት ባትሪዎቹ ጎድለው ሳሉ ሞተሩን ያስነሡና ዙሩን ከሚኒሞ (ሞተሩ ቀስ ብሎ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ከፍ ያድርጉ። ከዚያም እጅዎንና ልብስዎን ከቺንጋው አርቀው፣ በመልቲሜትር መጀመሪያ በአልተርኔተሩ የፖዘቲቭ ቡሎንና በአካሉ መካከል፣ ቀጥሎም በባትሪው በሁለቱ ጫፎች መካከል ይለኩ። ለምሳሌ አልተርኔተሩ ዘንድ 14.2፣ ባትሪው ዘንድ 13.5 ካነበቡ 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ በ13.5 ቮልት ደግሞ የሊድ አሲድ ባትሪ በሁለት ሰዓት ቀርቶ በቀኑ ሙሉም በወጉ አይሞላም። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከቀጭን ገመድ፣ ጨው ከበላው ማያያዣ ወይም ባትሪዎቹን ለመለየት ከተገጠመ የዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ማከፋፈያ ይመጣል፤ ዳዮዱ ብቻውን ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ይወስዳልና። ይህን ማስተካከል ከአዲስ አልተርኔተር እጅግ ያነሰ ወጪ ያለው ሥራ ስለሆነ በእሱ ይጀምሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ ባትሪው ራሱ የሚቀበለው መጠን ነው። የእርስዎ ዓይነት ባትሪ ሲጎድል የአቅሙን ሩብ ያህል፣ ማለትም ወደ 100 አምፒር ይቀበላል፤ ከአቅሙ 80 በመቶ ያህል ከሞላ በኋላ ግን የሚቀበለው እየቀነሰ ስለሚሄድ የመጨረሻው አምስተኛ እጅ ለብቻው ብዙ ሰዓት ይፈጃል። አልተርኔተሩ የቱንም ያህል ቢተልቅ ይህን ጊዜ አያሳጥረውም። በመሆኑም ጠዋት በሞተር የጎደለውን በብዛት መመለስ፣ የቀረውን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ለሚሞላ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ መተው ይሻላል።

አሁን ወደ ቺንጋው እንምጣ። 10 ሚሊሜትር ወርድ ያለው አንድ ቺንጋ ያለ ችግር የሚሸከመው እስከ 80 አምፒር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲጫኑት ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ በሞተሩ ፊት ላይም ጥቁር ብናኝ ያለብሳል፤ እንዳይንሸራተት አብዝተው ቢወጥሩት ደግሞ ውጥረቱ በአልተርኔተሩና በውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። በብዙ እንዲህ ባሉ ሞተሮች ማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚዞረው በዚሁ ቺንጋ መሆኑን አይርሱ። ቺንጋው ሲበጠስ የሚያጡት ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም፤ ነፋስ በሌለበትና ዓለቱ በቀረበበት ሰዓት ሞተሩም አብሮ ይቆማል። ከ100 አምፒር በላይ ለሚሰጥ አልተርኔተር ፑሌጃዎቹን (ቺንጋው የሚዞርባቸውን መዘውሮች) ሁሉ ቀይሮ ሁለት ቺንጋ ጎን ለጎን ወይም ባለ ብዙ ጥርስ ሰፊ ቺንጋ መግጠም ግድ ነው።

የሞተሩም ጉልበት ይታሰብ። 100 አምፒር በ14.4 ቮልት ሲባዛ 1440 ዋት ይሆናል፤ አልተርኔተር ከሚወስደው ጉልበት በኤሌክትሪክ መልክ የሚመልሰው ግማሹን ያህል ስለሆነ ከሞተሩ ላይ ወደ አራት የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ይወስዳል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ በሚኒሞ ላይ ግን ሊያንቀው ይችላል።

እነዚህን ሁሉ ስናመዛዝን ለእርስዎ ጀልባ የምንመርጠው ይህን ነው፦ ባለ 100 አምፒር የጀልባ አልተርኔተር ይግዙ፣ ነገር ግን ከውጭ በሚታሰር ሬጉላተር ከ70 እስከ 75 አምፒር እንዳያልፍ ይገድቡት። እንዲህ ሲሆን ያለው ቺንጋ ይበቃል፣ አልተርኔተሩም አቅሙን ሳይጨርስ ስለሚሠራ ብዙ አይግልም፤ የሚያገኙት ኃይል ግን አሁን ከሚያገኙት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሬጉላተሩ የአልተርኔተሩንና የባትሪውን ሙቀት የሚለኩ ሁለት መለኪያዎች፣ ቮልቴጁንም ከባትሪው ዘንድ የሚያነብ የራሱ ቀጭን ሽቦ ያለው ይሁን። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ጥቂት ሰኮንዶች ጠብቆ ጭነቱን ቀስ በቀስ የሚጨምር ከሆነ ለቺንጋውም ዕድሜ ይጨምርለታል።

ከመግዛትዎ በፊት የአሮጌው አልተርኔተር ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን እግር ወርድ፣ የቡሎኑን ውፍረትና ፑሌጃው ከእግሩ ያለውን ርቀት በትክክል ይለኩ። የሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሲጋደምባቸው ክፍተት ሳይኖር ካልገጠመ ቺንጋው በጥቂት ሰዓት ሥራ ይበላል።

ገመዱን በተመለከተ፣ አልተርኔተሩ ከባትሪው ሦስት ሜትር ቢርቅ የደርሶ መልሱ መንገድ ስድስት ሜትር ነው። በ100 አምፒር የሚባክነው ከ0.42 ቮልት፣ ማለትም ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ 25 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ያስፈልጋል፤ የሞተር ክፍሉ ሞቃት ስለሆነ ባለ 35 ካሬ ሚሊሜትሩን ይምረጡ። የኔጌቲቩም ገመድ እኩል ውፍረት ሊኖረው ይገባል። 150 አምፒር የሚሆን ፊውዝ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ ያኑሩ፤ ቦታው ባትሪው አጠገብ እንጂ አልተርኔተሩ አጠገብ መሆን የለበትም፤ ገመዱ ከሞተሩ አካል ጋር ቢነካካ እሳት የሚያስነሣው ኃይል የሚመጣው ከባትሪው ነውና። የሞተሩ የዙር ቆጣሪ ምልክቱን ከአልተርኔተሩ የሚወስድ ከሆነ ከለውጡ በኋላ የተሳሳተ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል እንደገና ይስተካከል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ባትሪዎቼን በሊቲየም ለመተካት አስቤያለሁ። ያው የፋብሪካው አልተርኔተር ይበቃኛል?

መልስ፦ በቀጥታ ካገናኙት አደጋ አለው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ እስኪሞላ ድረስ የተሰጠውን ሁሉ ስለሚቀበል፣ ትንሹ አልተርኔተር ፋታ ሳያገኝ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ይቆያል፤ ማራገቢያው ቀስ ብሎ በሚዞርበት በሚኒሞ ላይ ደግሞ ጠመዝማዛ ሽቦው እስኪቃጠል ሊግል ይችላል። ሌላው ችግር የባትሪው መቆጣጠሪያ ለራሱ ደኅንነት ሲል በድንገት ሲያቋርጥ የሚመጣ ነው፤ አልተርኔተሩ የሚያመነጨው ኃይል መሄጃ ሲያጣ ቮልቴጁ በቅጽበት ይዘልና ዳዮዶቹን፣ አንዳንዴም የመርከብ መሪያ መሣሪያዎቹን ያበላሻል። ቀላሉ መፍትሔ አልተርኔተሩ እንደ ቀድሞው ሞተሪኖውን የሚያስነሣውን የሊድ አሲድ ባትሪ እንዲሞላ ትቶ፣ ከዚያ ወደ ሊቲየሙ መጠኑ በተገደበ የዲሲ ለዲሲ ቻርጀር (ከአንዱ ባትሪ ወስዶ ሌላውን በሚሞላ መሣሪያ) ማስተላለፍ ነው። ለ55 አምፒር አልተርኔተር ባለ 30 አምፒሩ ቻርጀር ተስማሚ ነው።