ከአንድ የድል በር ጀምሪ

ሰላም እህቴ። የጥንቷን ሮም ጥበብና ሥነ ሕንፃ በራስሽ ማጥናት ጀምረሽ፣ የነገሥታቱ ስምና ዘመን ብዛት እንዳሰለቸሽ ጽፈሻል። ከየት ልጀምር ነው ጥያቄሽ። እኔ ትምህርቱን እዚያው ሮም ስለተማርኩ፣ የጠቀመኝን ልንገርሽ። ሽምደዳውን ለጊዜው ተዪው። አንድ ሥራ ምረጪና እሱ ላይ ሙጭጭ በዪ።

ለመጀመሪያ ከኮሎሲየም አጠገብ የቆመውን የቆስጠንጢኖስን የድል በር የሚያህል አላገኘሁም። ቆስጠንጢኖስ በ312 እ.ኤ.አ. የሥልጣን ተቀናቃኙን ማክሴንጥዮስን ድል ስላደረገ ነው የተሠራለት፤ የተመረቀው በ315 ነው። ጌጡ ግን አብዛኛው ከቀደሙት ነገሥታት ሐውልቶች የተወሰደ ነው። ላይ የቆሙት የዳኪያ (የዛሬዋ ሮማንያ አካባቢ) ምርኮኞች ከትራያን ዘመን፣ ክብ ቅርጾቹ ከሃድሪያን፣ ከላይ ያሉት ባለ አራት ማዕዘን ሰሌዳዎች ከማርቆስ አውሬልዮስ ዘመን የመጡ ናቸው። የሁለት መቶ ዓመት ልዩነት አንድ ግድግዳ ላይ ታያለሽ ማለት ነው።

የሰሜኑን ፊት ተመልከቺ። በስተግራ ካሉት ክቦች አንዱ የዱር አሳማ አደን ነው። ፈረሶቹ ይጋልባሉ፣ ሰውነታቸው ከድንጋዩ ወጣ ብሎ ይታያል። በስተቀኝ ከክቦቹ ሥር ደግሞ በራሱ በቆስጠንጢኖስ ዘመን የተቀረጸ ረጅም ሰቅ አለ። ንጉሡ መሃል ላይ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ተቀምጦ ገንዘብ ያድላል። ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ በሰልፍ ቆሟል። ቁመታቸው እኩል፣ ጭንቅላታቸው ትልልቅ፣ የልብሳቸው እጥፋት ቀጥ ቀጥ ያለ ጭረት ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ላደገ ሰው ይህ አሣሣል እንግዳ አይደለም።

ሠዓሊው ራፋኤል ሳይቀር ይህንን የኋለኛውን ሥራ አጣጥሎታል። እኔ በዚህ ከልቤ አልስማማም። ጠራቢዎቹ የፈለጉት ማን የበላይ፣ ማን የበታች እንደሆነ ከሩቅ እንዲለይ ነው። ተሳክቶላቸዋልም።

ሮም መሄድ ባትችዪ ጥራት ያለው ፎቶ ይበቃል። ግን እርሳስ ያዢና ሣዪው፤ ሥዕልሽ ባያምርም ግድ የለም። ፎቶ አይቶ ማለፍ ቀላል ነው፣ የልብሱን እጥፋት አቅጣጫ ለመሣል ግን የግድ አፍጥጠሽ ታያለሽ።

ቀጥሎ እዚያው ሮም ወዳለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ወደ ፓንቴዎን እለፊ። ግንባሩ ላይ የአውግስጦስ ቄሣር የጦር አዛዥ የነበረው አግሪጳ እንደሠራው ተጽፏል፤ ጡቦቹ ላይ ያለው ማኅተም ግን ሕንፃው ከእሱ መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ እንደተሠራ ያሳያል። ጉልላቱ 43 ሜትር ስፋት አለው። ኮንክሪቱ ውስጥ የገባው ድንጋይ ከታች ከባድ ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ እየቀለለ ይሄዳል። የዘመን ዝርዝሩን ያኔ አውጪው፤ ሳትሸመድጂው ይያዝልሻል።