ደብተር ላይ የተጻፈ ዕዳ ሰው አያስይዝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመንዝ ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ታናሽ እህቴን የአጎታችን ሚስት «ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሥራ አለ» ብላ ከመሐል ሜዳ ወሰደቻት። ፋብሪካውን ሳታየው ሸዋ ሮቢት አንድ ቡና ቤት አስገባቻት። መጀመሪያ አስተናጋጅ ነበረች፣ በኋላ ከደንበኛ ጋር እንድታድር ተደረገች። መውጣት ስትፈልግ የቡና ቤቱ ባለቤት «18 ሺህ ብር ዕዳ አለብሽ» ብላ መታወቂያዋን ያዘችባት። የዕዳ ደብተሩን በስልክ አንስታ ልካልኛለች። መታወቂያዋ 19 ይላል፣ ግን ገና 17 ዓመቷ ነው። አጎቴ «ሽማግሌ ልከን ግማሹን እንክፈልና ይለቅ» ይላል። እኔ ደግሞ ፖሊስ ጋ ብሄድ እሷኑ እንዳያስሯት ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እታለም፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። 18 ሺሁን እንዳትከፍይ። ግማሹንም ቢሆን። ደሞዝሽን ለስንት ወር አጠራቅመሽ እንደምታመጪው አውቃለሁ፣ ግን ለዚህ አይደለም።

የላክሽውን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ መስመር በመስመር፦ ለደላላ 2,000፣ ልብስ 4,500፣ ጸጉር 1,200፣ ብርጭቆ የሰበረችው 150። ከዚያ «የታመመችበት 3 ቀን፣ 900» ይላል። እዚህ ላይ ቆምኩ። ታማ ለተኛችበት ቀን ነው ያስከፈለቻት! ከዚያ በታች ያለው የቀለብና የአልጋ ነው፣ በየቀኑ ይጨምራል፣ ስለዚህ መቼም አያልቅም። እንዳያልቅ ተብሎ ነው የተጻፈው።

ይሄ በሕግ ዓይን ዕዳ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1716 ለሕግ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ነገር ላይ የተደረገ ውል ውጤት የለውም ይላል። ሴትዮዋ ይሄን ደብተር ይዛ ፍርድ ቤት ብትሄድ ዳኛው ራሷን ነው የሚጠይቃት። ስለዚህ ደብተሩን እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ ማስረጃ ያዢው። «ለደላላ 2,000» የምትለዋ አንዲት መስመር እህትሽ ተገዝታ እንደመጣች በራሷ በባለቤቷ እጅ የተጻፈ ምስክርነት ናት። ፎቶውን ለምታምኚው ሌላ ሰው ስልክም ላኪው፣ ከእህትሽ ስልክ ላይ ቢያጠፉት እንዳይጠፋ።

አሁን ወደ ወንጀሉ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 634 በሌላ ሰው ሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደረውን ወይም ለዚሁ ሥራ ቤት የሚያስተዳድረውን ይቀጣል፣ ቅጣቱ ግን ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። በሴቶችና በአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች መነገድ ግን አሁን ከታች በምጠቅስልሽ አዋጅ ነው የሚታየው፣ ተበዳይዋ «ተስማምቻለሁ» ብትል እንኳ ወንጀልነቱ አይቀርም። አንቀጽ 636 የ634ቱን ቅጣት ያከብደዋል፦ ልጅቷ አካለ መጠን ካልደረሰች፣ በአደራ የተሰጠች ከሆነ፣ ከተታለለች፣ አሠሪዋ ወይም ባለ ዕዳ ነሽ ያላት ሰው ችግሯን ከተጠቀመባት፣ ከ3 እስከ 10 ዓመት ነው። የአጎትሽን ሚስትና የቡና ቤቷን ባለቤት ከዚህ ጋር አስተያያቸው።

ዋናው ግን በሰው የመነገድ ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። በማታለል ወይም የሰውን ችግር በመጠቀም ለብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ መቀበልና ማስቀመጥ በሰው መነገድ ነው። ድንበር መሻገር አያስፈልግም፣ ከመሐል ሜዳ ሸዋ ሮቢት ይበቃል። ተበዳይዋ ሴት ወይም ሕፃን ስትሆን ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ30 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ነው። ይሄን በደንብ የምነግርሽ ምክንያት አለኝ። አንዳንዴ መዝገቡ በቀላሉ 634 ብቻ ተጽፎ ሰውዬው በወራት ይወጣል። ዐቃቤ ሕጉን «ክሱ በየትኛው አንቀጽ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ዕድሜዋን በተመለከተ፣ 17ም ሆነች 19 በዚህ አዋጅ ሴት ስለሆነች ቅጣቱ ያው ነው። መታወቂያዋ ላይ 19 የተጻፈውም ነገሩን አይዘጋውም። የትምህርት ቤት መዝገቧን፣ የክትባት ካርዷን፣ ክርስትና የተነሳችበትን ደብር ማስረጃ እናትሽ ትፈልግ፣ ካልተገኘ በሐኪም የዕድሜ ምርመራ ይታዘዛል። ለምን ትደክማለች ካልሽ፣ ከ18 በታች ከሆነች አብሯት ያደረው ደንበኛም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ይጠየቃል። «ዕድሜዋን አላውቅም ነበር» የሚለውን ፍርድ ቤት ይስማው።

እሷን ያስሯታል ወይ? ሴተኛ አዳሪነት በራሱ በወንጀል ሕጋችን አያስቀጣም። መንገድ ላይ እየጠሩ ጎረቤት መረበሽ እንደ ደንብ መተላለፍ ሊታይ ይችላል፣ ያ ሌላ ነገር ነው። እህትሽ በዚህ መዝገብ ተበዳይና ምስክር ናት። የምትገባበት ወንበርም የተበዳይ ነው።

አካሄዱስ? ብቻሽን ቡና ቤቱ በር ላይ እንዳትቆሚ። ቀድመሽ ለባለቤቷ እንዳትደውይ፣ ዛሬ ብትሰማ ነገ ልጅቷን ወደ አታዬ ወይም ወደ ደሴ ታሻግራታለች። የሸዋ ሮቢት ፖሊስ ጋ ሄደሽ አመልክቺ። ወንጀል መጠቆም ለማንም ሰው የተፈቀደ ነው፣ የግድ ራሷ መምጣት የለባትም። ሴት መርማሪ ጠይቂ፣ የመዝገብ ቁጥር ተቀበይ። የተያዘውን መታወቂያም ፖሊስ ያስመልሳል። «ተስማሙና ጨርሱ» የሚል ካጋጠመሽ አትከራከሪ፣ ደብረ ብርሃን ዞኑ ዐቃቤ ሕግ ጋ ሂጂ። ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቱንም አብረሽ ያዢ። ነጻ የሕግ ድጋፍ እንዳለ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ጠይቂ። ክሱን መንግሥት ነው የሚያቀርበው፣ ለእሱ የምትከፍይው የለም።

የአጎትሽ ነገር። ሽማግሌ ይከበራል፣ እኔም ሽምግልና ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ግን ይሄ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል አይደለም፣ ቤተሰብ ታረቀ ብሎ መዝገቡ አይዘጋም። አጎትሽ ሚስቱን ለማዳን እንደሚሮጥ ይገባኛል። አንቺ ግን እህትሽን ነው የያዝሽው። የምትፈርሚው ወረቀት ሲመጣብሽ ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ።

ልጅቷ እንደወጣች መጀመሪያ ሆስፒታል። አስገድዶ የነካት ሰው ካለ ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ከዚያ ካለፈም ምርመራና ሕክምና አለና አትተዪው። የሐኪም ማስረጃውን ቅጂ ያዢ። ልብሷን ካላጠበችው እንደነበረ አስቀምጪው።

ገንዘቡም አለ። አስተናጋጅ ሆና ስትሠራ ያልተከፈላት ደሞዝ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይጠየቃል፣ አሠሪ በአንድ ጊዜ ከደሞዝ ሲሶ በላይ መቁረጥ አይችልም፣ ሙሉውን መውሰድማ ምን ይባላል። ለደረሰባት ጉዳት ካሳም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 መሠረት ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ ሊጠየቅ ይችላል። ዐቃቤ ሕጉን አስታውሺው፣ ካልጠየቁት ብዙ ጊዜ ይረሳል።

መሐል ሜዳ ወዲያው አትመልሻት፣ የሰው ወሬ ያደክማታል። ጥቂት ጊዜ አንቺ ጋ ወይም ማረፊያ ቤት ትቆይ፣ ያየችውን ለመናገር አታስቸኩያት። ደግሞ ስትሄጂ ጋቢ ይዘሽ ሂጂ። ቆላ የለበሰችውን ይዛ ነው የምትወጣው፣ ጣርማ በር ላይ በጣም ይበርዳታል።