መልስ፦ የሱሉልታን ሥነ ምህዳራዊ አሻራ ስለማስላት

በሱሉልታ ዙሪያ የቤት ግንባታ እርሻውን እየሸፈነ ሳለ የአካባቢውን ዘላቂነት በሥነ ምህዳራዊ አሻራ መለካት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዊሊያም ሪስና ማቲስ ዋከርናገል ያበጁት ይህ መለኪያ የሕዝቡን ፍጆታ ወደሚጠይቀው የመሬት ስፋት ለውጦ መሬቱ ከሚያፈራው ጋር ያነጻጽራል። አሻራው የሚመዘገበው በተጠቃሚው ስም ስለሆነ፣ ከሱሉልታ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ወተትና ላሞቹ የበሉት ድርቆሽ በከተሜው ሂሳብ ላይ ያርፋሉ፤ የማፍራት አቅሙ ግን ለሱሉልታ ይቆጠራል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በስሌቱ ደንብ የተገነባ መሬት ቀድሞ እርሻ እንደነበረ ታስቦ በሰብል ምርታማነት ስለሚገመት፣ ጤፍ ይዘራበት የነበረ ማሳ ኮንክሪት ሲለብስ የአካባቢው ጠቅላላ አቅም በወረቀት ላይ እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የሰብሉንና የግጦሹን ረድፍ ለየብቻ፣ ከዓመት ዓመት እያስተያዩ ይመልከቱ። የአፈር መሸርሸርንና እንደ አቃቂ ያሉ ወንዞችን ብክለት መለኪያው በቀጥታ ስለማያሳይ፣ እነዚህ በሌላ ጥናት መሟላት አለባቸው። የፍጆታ መረጃ ሲሰበስቡም ከጓሮ ተቆርጦ የሚነደውን ባሕር ዛፍ እንዳይረሱ፤ በገበያ ስለማያልፍ ከመዝገብ በቀላሉ ይቀራል።