መሬት በ18 ዶላር

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ለገበሬ መሬት በነጻ ሰጥቶ ነበር ይባላል። በመሬቱ ሰፍሮ በኋላ ሹም የሆነ ሰው አለ?

መልስ፦ አለ፤ ዳንኤል ፍሪማን። መሬት የሚያሰጠው ሕግ (ሆምስቴድ አክት) በሥራ ላይ በዋለበት ዕለት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 እ.ኤ.አ.፣ ኔብራስካ ውስጥ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) አስመዘገበ። በኋላም የጌጅ አውራጃ ሸሪፍ (የአውራጃው ሕግ አስከባሪ ሹም) ሆኗል። «በነጻ» የሚባለው ግን ለወጉ ነው፤ የምዝገባና የማረጋገጫ ክፍያው ተደምሮ 18 ዶላር ነበር። በዚያ ላይ ቤት መሥራት፣ ማረስ፣ 5 ዓመት መኖርና 2 ምስክር ማቅረብ ግድ ነበር። ብዙዎች የወደቁት በክፍያው አይደለም፤ በሬው፣ ማረሻውና ዘሩ ከራስ ኪስ ስለነበር፣ ድርቅ ወይም አንበጣ ሲመጣ ዕዳው ይቀድም ነበር። ፍሪማን ሙግትም አያጣም ነበር፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚካሄደውን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብና ጸሎት ተቃውሞ ከሶ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. የኔብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት።